ክራኩም ነፃ፣ ሊብሬውም ነፃ

ድሬ ውስጥ ለማይክሮሶፍት ኦፊስ ከኪሱ ከፍሎ የሚጠቀም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካለም ደብቆታል፤ ቢያወራው ይሳቅበታላ። ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ይገዛል፣ ወይ ከዘመድ ይመጣል። ከዚያ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። ጠጋኙ "ፎርማት" ያደርገዋል። ዊንዶውስ ይጭናል፣ ኦፊስ ይጭናል፣ አንዲት ትንሽ አክቲቬተር ይከፍትና ጠቅ ያደርጋል። አለቀ። ባለቤቱ ለፎርማቱ ይከፍላል እንጂ ለሶፍትዌሩ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም።

ስለዚህ "ከምትከፍሉ ነፃ አማራጭ አለላችሁ" የሚል ጽሑፍ እዚህ ከተማ ገና ከበሩ ይመለሳል። አንባቢው "አቦ፣ የኔም እኮ ነፃ ነው!" ይላል። ልክ ነው። ሊብሬኦፊስ የሚባለው፣ እንደ ኦፊስ የሚያስጽፍና የሚያሰላ ነፃ ፕሮግራም፣ ድሬ ላይ የሚወዳደረው ከመቶ ዶላሩ ኦፊስ ጋር አይደለም። ከክራኩ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ ከሚጫነው ኦፊስ ጋር ነው። ነፃ ከነፃ ጋር ሲወዳደር ደግሞ የሚያሸንፈው የለመድነው ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ።

እኔ ግን ሁለቱ እኩል ነፃ ናቸው ብዬ አላምንም። ክራኩ ዋጋ አለው። ዋጋው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ የጫነው ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ግን ለክራክ ተጠቃሚው ልሟገትለት። የማይክሮሶፍት 365 የግል ጥቅል አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በዓመት 69.99 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ኮፓይለት የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨመረበትና 99.99 ዶላር ገባ። አንዴ ተከፍሎ የሚገዛው ኦፊስ 2024 ደግሞ ለቤት የሚሆነው ሲወጣ 149.99 ዶላር ነበር፤ ያውም ለአንድ ኮምፒውተር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ስሌቱን በ150 ብር እንሥራው። የዓመቱ ክፍያ 15,000 ብር ይመጣል። ክፍያው በሰው ስለሆነ አራት ሰው በአራት ኮምፒውተር የሚሠራባት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት 60,000 ብር ልትከፍል ነው። ለንግድ የሚሆነው ጥቅል ዋጋው ሌላ ነው፤ ይህን ለመነሻ ያህል ያዙት። በገጽ እየተየበች ሳንቲም የምትለቅም ቤት ይህን ከየት ታመጣለች? ብታመጣስ በምን ትከፍላለች? ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ በኪሱ ያለው ስንቱ ነው?

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ጎረቤቴን ግን በአዋጅ ቁጥር ማስፈራራት አልፈልግም። በኪሱ ባናግረው ይሻላል።

እንግዲህ ያቺ አክቲቬተር ምን እንደምትሠራ እንይ። ማይክሮሶፍት ለትልልቅ ድርጅቶች የሠራው አንድ አሠራር አለ። ኬኤምኤስ ይባላል። ድርጅቱ ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቀመጣል። የሠራተኛው ኮምፒውተር እየሄደ "ፈቃድ አለኝ ወይ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሰርቨሩ "አዎ" ይላል። ፈቃዱ 180 ቀን ይቆያል፤ በየጊዜው ይታደሳል። አክቲቬተሯ የምትሠራው ያንን ሰርቨር መስላ መዋሸት ነው። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ተቀምጣ "አዎ፣ አለህ" ትላለች።

ውሸቱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ችግሩ ከእሱ በፊት የምትሰሙት ዓረፍተ ነገር ነው። "አንቲቫይረሱን አጥፋው።" ጠጋኙ ይህን ሲላችሁ ቤታችሁን ለማያውቁት ሰው ከፍታችሁ "እስክትጨርስ ዘበኛው ይውጣልህ" እንደማለት ነው። አክቲቬተሯን ማን እንደሠራት አይታወቅም። ከየትኛው ፍላሽ ወደ የትኛው ፍላሽ ስትዞር እንደኖረችም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ኬኤምኤስፒኮ በሚል ስም ከሚሰራጩት አክቲቬተሮች ውስጥ ክሪፕትቦት የሚባል ሌባ ፕሮግራም የተጠቀለለባቸው እንዳሉ አሳይቷል። ሥራው ብራውዘር ላይ የተቀመጠ የይለፍ ቃልና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ መልቀም ነው።

አሁን ይህንን ከዚራ ወይ መጋላ ወዳለች አንዲት ጽሕፈት ቤት አምጡት። በዚያች ኮምፒውተር ምን ምን ያልፋል? የፓስፖርት ስካን። መታወቂያ። የዲቪ ፎርም። የልጁ ትራንስክሪፕት። ኢሜይሉን ከፍቶ መዝጋት የረሳ ሰው አካውንት። የቤት ሽያጭ ውል። አክቲቬተሯን የጫነው ጠጋኝ ነው። የተጠቀመው ባለቤቱ ነው። የሚዘረፈው ግን አሥር ብር ከፍሎ አንድ ገጽ ሊያትም የገባ ሰው ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ዋጋ ያልኩት ይህን ነው።

እኔም ከፍዬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ መጥሪያ ላሳትም ፍላሼን ይዤ አንድ ቤት ገባሁ። ሲመለስልኝ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። የድሬ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ጉንፋን እንደማለት ነው። መጥሪያው ሌላ ቦታ ስለነበር ተረፈ። የሦስት ዓመት ፎቶ ግን አልተረፈም። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ፍላሽ የተቀበለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። በዚያው ቀን የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 ድጋፍም አበቃ። እኔ የማያቸው ማሽኖች ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ኦፊሶች ናቸው፤ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ 2010 አለ። ከፍሎ የገዛም፣ ሰብሮ የጫነም እዚህ ላይ እኩል ሆኑ። አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ ይደፈናል ብሎ መተማመን አይቻልም። "አሁን መቀየር ምን አስቸኮለኝ?" ለሚል ሰው ያለኝ መልስ ይህ ቀን ነው።

ሊብር እና ግራቱዊ

ሊብሬኦፊስ ውስጥ ያለው "ሊብሬ" ምን ማለት ነው? ድሬ ላይ መልሱ ሩቅ አይደለም። ለገሃር አካባቢ ከድሮዎቹ የምድር ባቡር ሠራተኞች አንዱን መጠየቅ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉ አባቶች አሁንም አይጠፉም። ሊብር ማለት ነፃ ነው ይሏችኋል። ግን የዋጋ ነፃ አይደለም፤ የነፃነቱ ነፃ ነው። የማይከፈልበትን ፈረንሳይ ግራቱዊ ይለዋል። እኛ ሁለቱንም "ነፃ" እንላቸዋለን። ክራኩና ሊብሬው አንድ የሚመስሉን አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ክራኩ ግራቱዊ ነው። ሊብር ግን አይደለም፤ እንዲያውም ባለቤቱ ነገ አንድ ቁልፍ ቢጫን ይዘጋባችኋል።

ልዩነቱ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ ታሪኩን ላንሳ። ጀርመን ውስጥ ስታር ዲቪዥን የሚባል ኩባንያ ነበር። ስታርኦፊስ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው። በ2000 ሰን የፕሮግራሙን ኮድ ለማንም ለቀቀው፤ ኦፕንኦፊስ ተባለ። በ2010 ኦራክል ሰንን ራሱን ጠቀለለው። ኮዱን ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች አዲሱን ባለቤት አላመኑትም። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባል ተቋም አወጁና የኮዱን ቅጂ ይዘው ወጡ። ማንንም አልሰረቁም፤ ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል። ይዘውት የወጡት ዛሬ ሊብሬኦፊስ የምንለው ነው። በክራክ ይህን ማድረግ አይቻልም። ባለቤቱ ተቀይሮ ቢከፋባችሁ ይዛችሁት የምትወጡት ነገር የለም።

ኦራክል የቀረውን ኦፕንኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2011 አፓቺ ለሚባል የነፃ ሶፍትዌር ተቋም ሰጠው። አሁንም አለ፤ በነፃ ይወርዳል። እባካችሁ አታውርዱት። የ4.1 መስመሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ጥገና ብቻ ነው የሚደረግለት። የወርድን አዲሱን የፋይል ዓይነት ይከፍታል፤ በእሱ ማስቀመጥ ግን አይችልም። ስሙ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ እሱን ያገኝና "ነፃ ሶፍትዌር አይረባም" ብሎ ይመለሳል። በሞተ ሰው ስም ሕያው ሰው ይሰደባል።

ማን ከፍሎ ነው ነፃ የሆነው?

የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ነፃ ነገር ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጤነኛ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ "ነፃ" የራሱ አካሄድ አለው፤ አካሄዱን ስታውቁ ነገ ምን እንደሚጠይቃችሁ ታውቃላችሁ።

ሊብሬኦፊስ በመዋጮ ይኖራል። ከኮዱ ብዙውን የሚጽፉት ደግሞ ለመንግሥታትና ለድርጅቶች ድጋፍ እየሸጡ የሚኖሩ ኩባንያዎች ናቸው። ጀርመን ውስጥ የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዛወር ወስኗል። የዚያ ዓይነት ደንበኛ የሚከፍልበት ጥገና እዚህ ለኛም ይደርሳል። የሙኒክ ከተማ ታሪክ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከማይክሮሶፍት ለመውጣት ወስና ወጣች፤ በ2017 ምክር ቤቷ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ስለዚህ ጀርመን ያደረገው ሁሉ ልክ ነው ብዬ አልሰብክም።

ደብሊውፒኤስ ኦፊስ የቻይናው ኪንግሶፍት ሥራ ነው። መልኩ ወርድን ቁርጥ ነው። ፋይሉንም በደንብ ያነባል። ስልክ ላይ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጠቀመው። ነፃነቱ ግን የማስታወቂያ ነፃነት ነው፤ አንዳንዱን ነገር ስትነኩት "ፕሪሚየም ግዛ" ይላችኋል። ኦንሊኦፊስ ደግሞ ላትቪያ የተመዘገበ ኩባንያ ሥራ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የሚጫነው ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ለድርጅት ከሚሸጠው የሰርቨር ሥሪት ነው። የጀርመኑ ፍሪኦፊስ ለቤትም ለንግድም ነፃ ነው፤ ወደሚከፈልበት ታላቅ ወንድሙ ቀስ እያለ ይስባችኋል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጉግል ዶክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 15 ጊጋባይት ድረስ አይከፈልበትም። ሦስት ሰው አንድ ሰነድ ላይ ሲሠራ እሱን የሚያክል የለም። ማይክሮሶፍትም ራሱ ብራውዘር ላይ የሚሠራ ነፃ ወርድና ኤክሴል አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አካውንት መክፈት ብቻ ይበቃል፤ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው። ክራክ ከመጫን ይህ በስንት ጣዕሙ! ሁለቱም ግን የተንጠለጠሉት ኢንተርኔት ላይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፤ ዛሬ ምርጫ አለን። ያም ሆኖ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት መጥፋቱን አልረሳሁም። የመመረቂያ ጽሑፉ ደመና ላይ የተቀመጠበት ተማሪም የሚረሳው አይመስለኝም። ለዕለት ተዕለት ሥራ የምመርጠው ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠውን ነው።

ሊብሬኦፊስ ለዊንዶውስ 350 ሜጋባይት አካባቢ ነው። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው በፍላሽ ለሠፈሩ ማደል ይችላል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ "አድሉት" ይላል። አሮጌ ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ልብ በሉ። ከ25.8 ጀምሮ ያለው ሥሪት ዊንዶውስ 7ን እና 8ን ትቷል፤ ለእናንተ የሚሆነው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ገጽታውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። እኔ ግን አልወደድኩትም። "ፔስት" የሚለውን ለምደን "መለጠፊያ" ስናይ እንደናገራለን።

የሐዲዱ ስፋት

ባቡሩ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከተማዋም የተወለደችው ከእሱ ጋር ነው። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ አፍንጫ ሥር ቆሞ ቀረ፤ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ።

የሰነድ ፋይልም ሐዲድ ነው። ሊብሬኦፊስ የተወለደበት ሐዲድ ኦዲቲ ይባላል። የተመሠረተበት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ተመዝግቧል። የወርዱ ዶክስ ደግሞ በ2008 ተመዘገበ። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። የዓለም ፉርጎ ግን የሚሄደው በሁለተኛው ላይ ነው። ሊብሬኦፊስ ከባቡር የሚሻለው በሁለቱም መሄድ መቻሉ ነው። በሁለተኛው ላይ ሲሄድ ግን አልፎ አልፎ ይንገጫገጫል። ሠንጠረዥ ትንሽ ይንሸራተታል። ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይዘላል።

ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሊብሬኦፊስ ላይ ይጽፋል፣ ሳያስተውል በኦዲቲ ያስቀምጣል፣ ጽሕፈት ቤት ይወስዳል፣ አይከፈትም ወይ ተበላሽቶ ይከፈታል። "አላልኩም! ይሄ ነገር አይረባም" ይላል። መፍትሔው አንዴ የሚደረግ ነው። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ ሴቭ፣ ጄነራል ውስጥ ግቡና ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ እዘዙት። ለማተም ብቻ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ አውጡት። ፒዲኤፍ የትም ቢሄድ አይንቀሳቀስም። እዚያው ገብታችሁ ሌላም ነገር አስተካክሉ። ሊብሬኦፊስ ለመብራት መጥፋት የሚይዘው ቅጂ ሲጫን በየ10 ደቂቃው ነው። በኛ ከተማ 10 ደቂቃ ብዙ ነው። ሁለት አድርጉት።

የወርድ ሪባን፣ ማለትም ከላይ የሚደረደረው የቁልፎች ሰሌዳ፣ የናፈቀው ሰው ቪው ውስጥ ዩዘር ኢንተርፌስ ብሎ ታብድ የሚለውን ይምረጥ። ወርድ ይመስልለታል። ብዙ ሰው በመልኩ ብቻ ነው የሚሸሸው።

ዋናው ጣጣ ፊደሉ ነው

የውጭ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፉ የማያነሱት፣ እኛ ጋ ግን ከሁሉ የሚብሰው ነገር ይኸውላችሁ። ብዙ ሰው "ሊብሬኦፊስ አማርኛ ያበላሻል" ይላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ቆይቼ ሳየው አብዛኛው ጥፋት የሊብሬኦፊስ አልነበረም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ መጀመሪያዎቹ ፓወር ግዕዞች ባሉ ነገሮች ነበር የምንጽፈው። እነሱ የሚሠሩት በብልሃት ነው። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የጻፈ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ያሳያል። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይነበባል። ፎንቱ ከሌለ ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ስድብ የሚመስል ነገር ይደረደራል። ይህ በወርድም፣ በሊብሬኦፊስም፣ በደብሊውፒኤስም እኩል ይሆናል። ድሬ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የቆዩ ፎርሞች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሁንም ያጋጥሙኛል። ፎርሙን የሠራው ሰው ምናልባት ጡረታ ወጥቷል። ፎርሙ ግን አልወጣም።

ሁለተኛው ስውር ነው። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር። ብዙ ሰነድ በኒያላ ተጻፈ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከመደበኛው ጥቅል ወጥቶ ተጨማሪ ሆነ፤ በነባርነት ያለው ኤብሪማ ነው። የፊደሎቹ ስፋት ይለያያል። ስለዚህ ከወርድ ወደ ወርድ እንኳ ሲሄድ መስመሩ ይሰበራል፣ ገጹ ይጨምራል። ፈረንጅ ይህ ችግር ተቃሎለታል። ሊብሬኦፊስ ካሊብሪ በሌለበት ካርሊቶን፣ ታይምስ በሌለበት ሊበሬሽን ሴሪፍን ይተካል፤ የፊደሎቹ ስፋት ሆን ተብሎ እኩል ተደርጎ የተሠራ ነው። መስመር አይነቃነቅም። ለኒያላ እንዲህ ያለ መንታ ወንድም አላየሁም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ሰነድ ደህና ይከፈታል፣ የአማርኛው ይዘበራረቃል፣ ሰዉም ፕሮግራሙን ይረግማል።

በአንድ ድሬ ደግሞ ሦስት ቋንቋ ነው የሚተየበው። አማርኛ በግዕዝ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን። የላቲኖቹ የፊደል ችግር የለባቸውም፤ የእነሱ ጣጣ ቀይ መስመር ነው። እንግሊዝኛ መስሎት እያንዳንዱን ቃል ያሰምርበታል። ሊብሬኦፊስ ላይ የጽሑፉን ቋንቋ በየአንቀጹ መንገር ይቻላል፤ መዝገበ ቃል ከሌለው ዝም ይላል። ዝምታውም ለዓይን እረፍት ነው።

ለአማርኛው የምመክረው ይህ ነው። አዲስ ሰነድ ስትጀምሩ ማንም በነፃ ሊያወርደው የሚችል ፎንት ያዙ። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሁን። ሊብሬኦፊስ ውስጥ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት ብላችሁ ፎንቱን ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል። ግን ስንቁን ይዞ ይሄዳል። ለመጻፊያም ኪማን የሚባለው ነፃ ኪቦርድ አለ። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ሰነድ ግን ወይ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው ወይ እንደገና መተየብ። ሌላ አቋራጭ የለውም፤ ክራክም አያድነውም።

ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ሊብሬኦፊስ ከበቂ በላይ ነው። ለመምህር የፈተና ወረቀት ይበቃል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይበቃል፤ ማውጫውንና የግርጌ ማስታወሻውን እንዲያውም ከወርድ ይልቅ ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው። አማካሪው ግን በወርድ ላይ አስተያየት እየጻፈ የሚመልስለት ከሆነ ኦንሊኦፊስን ይሞክር። ኦንሊኦፊስ ከመጀመሪያው የተሠራው በዶክስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ ብዙም አይንሸራተትበትም።

ለሱቅ የገቢና ወጪ መዝገብ ካልክ የሚባለው የሊብሬኦፊስ ኤክሴል ይበቃል። ከሰንጠረዥ ውስጥ የተፈለገውን ፈልጎ የሚያመጣው ኤክስሉክአፕ የሚባል ቀመር የለውም እየተባለ ይታማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ከወጣው 24.8 ጀምሮ አለው። አካውንታንት ግን ይለያል። የሒሳብ ባለሙያው ዓመታት የፈጀበት፣ በማክሮ የተሞላ፣ ቁልፍ ሲጫን የደመወዝ ሉህ የሚያወጣ የኤክሴል ፋይል ካለው አይንካው። ማክሮው ካልክ ላይ በከፊል ነው የሚሠራው። በከፊል የሚሠራ የደመወዝ ሉህ ደግሞ ጨርሶ ከማይሠራው ይብሳል። ለእሱ ያለኝ ምክር ከባድ ነው። ለዚያች አንዲት ማሽን ከፍሎ ሕጋዊውን ይግዛ። ከአራት ማሽን ለአንዱ መክፈል አራቱንም ከመስበር ይሻላል። ከውጭ ድርጅት ጋር ውል ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን "የሶፍትዌር ፈቃድህን አሳየኝ" ቢባል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ጎን ለጎን ጽሕፈት ቤትም ይሠራል። ይህን ሁሉ ስነግረው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ድሬ በሙቀት የተኛችበት ሰዓት። "አቦ፣ ደንበኛ ወርድ የለም ካልኩት ጎረቤት ይሄዳል" አለኝ። እውነቱን ነው። ተከራክረን ተከራክረን አንድ ነገር ላይ ተስማማን። በር አጠገብ ያለችውን፣ የሰው ፍላሽ የሚሰካባትን ማሽን ጠረገና ሊብሬኦፊስ ጫነባት። አክቲቬተር የለባትም፣ አንቲቫይረሷም አልጠፋም። በዶክስ እንድታስቀምጥ አዘዛት። ኖቶ ጫነባት። ደንበኛ ፍላሹን እዚያ ይሰካል፣ በፒዲኤፍ ይወጣል፣ ወደ ማተሚያው ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት አለፍ ስል ጠየቅሁት። አብዛኛው ሰው ወርድ አለመሆኑን ልብ አላለም። አንዲት ተማሪ ብቻ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠይቃ በፍላሽ ይዛው ሄደች። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ላይ ክራኩ አሁንም አለ። አንደኛው ላይ በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የውል ፎርም ተከፍቶ ነበር። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀ፣ ወዳጄ እንደገና እየተየበው ነው።